የጳጉሜ ሦስት ሪፖርት

ሃቦኔ በሥራ ዘመኗ ብዙ ነገር ሲካድ አይታለች። ተቋራጭ ሲሚንቶ ሲክድ፣ ፌሮ ሠራተኛ ፌሮ ሲክድ፣ ዘበኛ በገዛ ቁልፉ የተከፈተ መጋዘን ሲክድ አይታለች። ወር ሲካድ ግን ያየችው በ2013 ዓ.ም. ጳጉሜ አራት ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ አምቦ ውስጥ በምትሠራበት ቢሮ ነው። የካደው ሰው ቢሆን ግድ አልነበራትም፤ ሰውን አፍጥጣ የምታይበት ዓይን አላት። የካደው ኮምፒውተር ነበር።

«ይኸው አንብቢው» አሉ የቢሮው ኃላፊ ኦቦ ለሊሳ፣ የጠረጴዛ ኮምፒውተራቸውን ወደ እሷ አዙረው። «የጊንጪው ትምህርት ቤት፣ አዲሱ ሕንፃ። የመጨረሻ ምርመራ፣ ነሐሴ 12። ውጤት፣ ደህና። መርማሪ፣ ሃቦኔ ፈይሳ። ስምሽ አይደለም?»

«ስሜ ነው። ግን ይኼ የነሐሴው ነው። የትናንቱ የታለ? ትናንት ጊንጪ ውዬ እዚያው ሆኜ ነው የላክሁት።»

«የትናንት የሚባል የለም።»

«ትናንት የሚባል ቀን የለም?»

«ሪፖርት ማለቴ ነው። ሲስተሙ ውስጥ የለም። ሲስተሙ የማያውቀውን ደግሞ እኔ አላውቅም።»

ይህቺ «ሲስተሙ» የምትባል ነገር ከየት እንደመጣች መናገር ያስፈልጋል። ሃቦኔ የሕንፃ ተቆጣጣሪ ናት። ከጊንጪ እስከ ባኮ፣ አዲስ የተሠራ ጤና ኬላና ትምህርት ቤት ሁሉ እሷና ጓደኞቿ ሳያዩት ርክክብ አይደረግም። ድሮ ሪፖርቱ በእጅ ይጻፍ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ኦቦ ለሊሳ የምርመራ ሪፖርት የሚጻፍበት ፕሮግራም አስገዙ፤ ከዚያ ወዲህ በእጅ የተጻፈ ሪፖርት ማኅተም አያገኝም። ለዚህም ሥራቸው «ከወረቀት የተላቀቀ ቢሮ» ተብለው ተሸለሙ። የሽልማቱ ምስክር፣ ወረቀት መሆኑ ሳያሳፍረው፣ በመስታወት ገብቶ ከወንበራቸው ጀርባ ተሰቅሏል።

ፕሮግራሙ በሁሉም ዓይነት ኮምፒውተር ይሠራል ተብሎ ነው የተገዛው። መሥራቱንስ ይሠራል። በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ነገር ያሳያል ያለ ግን አልነበረም፤ የጠየቀም አልነበረም። ተቆጣጣሪዎቹ ሜዳ ላይ በታብሌት ይጽፋሉ፣ ኦቦ ለሊሳ በዊንዶውስ በሚሠራው የጠረጴዛ ኮምፒውተራቸው ይከፍታሉ፣ ያትማሉ፣ ማኅተም ይመታሉ። ማኅተም የተመታበት ብቻ እውነት ይሆናል።

ሃቦኔ ከኦቦ ለሊሳ ቢሮ ተናዳ ወጣች። የተናደደችው በኮምፒውተሩ ብቻ አይደለም፤ በዚያች «ደህና» በምትል ቃል ሥር በተጻፈው ስሟም ነው። ያን ዕለት፣ ነሐሴ 12፣ የሕንፃው ቢም፣ የበረንዳውን ጣራ የሚሸከመው አግዳሚ ኮንክሪት፣ ገና በእንጨት ተደግፎ ነበር። ተደግፎ የቆመ ነገር ሁሉ ደህና ይመስላል። እሷም ደህና አለችው።

ድጋፉ ከተነሳ በኋላ የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርት ወይዘሮ ሸዋገነት ደወሉላት። «አዴ ሃቦኔ፣ በረንዳው ላይ ያለው ቢም ጮኸ» አሏት። «ድንጋይ እንደሚሰበር ነው የጮኸው። ተሰንጥቋል።» ተቋራጩ አቶ ምትኩ ወሬውን ሲሰማ ፈጥኖ «ጳጉሜ 1 ቀን ጠግነናል» የሚል ደብዳቤ ለቢሮው አስገባ። ሃቦኔ ደግሞ ጥገናውን ራሷ ሄዳ ካላየች እንቅልፍ አልወስድ አላት።

ጳጉሜ ሦስት፣ የሩፋኤል ዕለት ሄደች። የሩፋኤል ዝናብ እንደ ወጉ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ መጣ። የሰፈሩ ልጆች፣ በዓሉን የሚያከብር ቤት ልጅም የማያከብረውም፣ ሸሚዛቸውን እያወለቁ በግቢው ውስጥ በዝናቡ ጨፈሩ። ሃቦኔ ጴንጤ ናት፤ ግን እሷም በልጅነቷ በዚያ ዝናብ ተደብድባ ታውቃለች፣ እናቷም ተቆጥታታለች። ፈገግ ብላ መሰላል አስደግፋ ወጣች። ከዚያ ፈገግታዋ ጠፋ።

ጥገና የተባለው ልስንና ቀለም ነበር። ስንጥቁ አዲሱን ልስን ራሱን ቀዶ ወጥቷል። ከኪሷ የአንድ ብር ሳንቲም አውጥታ አስገባችበት፤ ገባ። ወደ ታች ስታይ ደግሞ በዝናቡ የበረዳቸው ልጆች እየተንቀጠቀጡ በረንዳው ላይ፣ ልክ ከቢሙ ሥር፣ ተጠግተው ቆመዋል። «ውጡ! ከዚያ ውጡ!» ብላ ጮኸች፤ ከመሰላሉ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። ሦስቱም ክፍሎች በዚያ በረንዳ ነው የሚወጡት። መስከረም ላይ በየክፍሉ ስልሳ ስልሳ ሕፃን ይገባል፣ በእረፍት ሰዓት ሁሉም በአንድ ጊዜ ይወጣል። አሥራ አንድ ፎቶ አነሳች፣ በቀይ «ለአገልግሎት አይውልም» ብላ ጻፈች፣ ላከች።

አሁን ይህ ሁሉ የለም ተባለ። ርክክቡ ደግሞ ነገ፣ ጳጉሜ አምስት ነው።

ቀጥታ ፉአድ ዘንድ ሄደች። ፉአድ የቢሮው የኮምፒውተር ባለሙያ ነው፤ አምቦ ዩኒቨርሲቲ ሊማር ከጅማ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው። የሰው ነገር አይቸኩልበትም፣ የማሽን ነገር ግን ያስቸኩለዋል። ታብሌቷን ተቀብሎ ከፈተው። ሪፖርቱ አለ። ላፕቶፑን ከፈተ። እዚያም አለ፤ ቀዩ ጽሑፍ እንዲያውም ደምቆ።

«በታብሌቱ አለ፣ ባንተ አለ፣ በእሳቸው የለም» አለች ሃቦኔ። «ማነው የሚዋሸው?»

ፉአድ ቀኑን አየና ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ።

«ቀኑን 3/13/2013 ብለሻል። ታብሌቱ የጻፍሽለትን እንደ ጽሑፍ ነው የሚይዘው፣ ምንም አይጠይቅም። የእኔ ላፕቶፕ ዊንዶውስ አይደለም፣ ሊኑክስ ነው፤ በኢንተርኔት ነው የምከፍተው፣ እሱም እንደመጣ ያሳያል። የእሳቸው ዊንዶውስ ላይ የተጫነው ግን ቀኑን ይቆጥረዋል። ለሱ ወር ማለት አሥራ ሁለት ነው። አሥራ ሦስት ሲያይ ‹ይኼ ቀን አይደለም› ብሎ ሪፖርቱን ይጥለዋል። ከዚያ በፊት ያገኘውን ደህና ሪፖርት ያወጣል።»

«ሳይናገር?»

«ሳይናገር።»

«በፈረንጆቹ ቀን እናስገባዋ!»

«አይሆንማ። ወረቀት ሲታተም አናቱ ላይ የኛ ቀን እንዲወጣ ተብሎ የእሳቸው ኮምፒውተር ሰዓት 2013 ላይ ተደርጓል። 2021 ብለን ብናስገባው ‹ገና ስምንት ዓመት ይቀረዋል› ብሎ ይመልሰዋል። ያኔ ፎቶሽ ላይ ያሉት ልጆች ሚዜ ሊሆኑ ይደርሳሉ።»

«ታዲያ ጳጉሜ ሲመጣ ሰዓቱን ምን ታደርጉታላችሁ?»

ፉአድ አንገቱን አከከ። «ጸሐፊዋ በየጠዋቱ ወደ ነሐሴ 30 ትመልሰዋለች። አምስቱንም ቀን። ስድስት ሲሆን ስድስቱንም። ለዚህ አይደል ሁሉም ሰው ጳጉሜ ላይ የሠራውን ነሐሴ 30 ብሎ የሚጽፈው። እስከ ዛሬ አታውቂም ነበር?»

አታውቅም ነበር። በየዓመቱ ጳጉሜን ፈቃድ ትወጣለች፤ ልጇ አቢጊያ የተወለደችው ጳጉሜ ሁለት ነው። ዘንድሮ ብቻ፣ በወይዘሮ ሸዋገነት ስልክ ምክንያት፣ ልደቱን ባከበረች ማግስት ጊንጪ ወረደች። እንግዲህ ይህ ሁሉ የተማረ ሰው የተሰበሰበበት ቢሮ፣ ማሽን አንድ ወር አላውቅም ስላለው፣ ወሩን ለማሽኑ ከማስተማር ወሩን ራሱን መተው ቀሎት ኖሯል ማለት ነው! የሚያሳፍር ነገር ነው። ማንም ግን አላፈረም፤ ለምደውታል።

«አንድ ደቂቃ ነው የሚፈጀው» አለ ፉአድ፣ ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ። «ነሐሴ 30 ልበለውና ይውጣልሽ። ወላሂ፣ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው።»

እሺ ልትል አፏን ከፍታ ነበር። ደክሟታል። ከዚያ የአቶ ምትኩ ደብዳቤ ትዝ አላት። ተጠገነ የተባለው ጳጉሜ 1 ነው። የእሷ ሪፖርት ነሐሴ 30 ከተባለ፣ ከጥገናው በፊት የታየ ስንጥቅ ይሆናል። «አየችው፣ ነገረችን፣ ጠገንነው» ይሉና ያርፋሉ። ሪፖርቷ ለምትከሰው ሰው ምስክር ሊሆን ነው።

«እጅህን አንሳ» አለችው ፉአድን። «ቀኔን አትንካብኝ።»

ኦቦ ለሊሳ ዘንድ ስትመለስ አቶ ምትኩ ሻይ ይዞ ተቀምጦ አገኘችው። የጠራው ሰው እንደሌለ፣ እንዲያው ሲያልፍ እንደገባ ሰው ነበር አቀማመጡ። ሃቦኔ ፉአድ የነገራትን ሁሉ ዘረገፈችው። ኦቦ ለሊሳ አዳመጡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሲሸለሙ ያለቀሱ ሰው ናቸው። ግን እንግዶች ተጠርተዋል፣ ድንኳን ተተክሏል፣ ሲስተሙ ተሳስቷል ማለት ደግሞ ሽልማቱን ከግድግዳው ማውረድ ነው።

«ገባኝ» አሉ። «ነሐሴ 30 በዪውና አስገቢው። ማኅተም እመታበታለሁ።»

«ነሐሴ 30 እሑድ ነበር፣ ኦቦ ለሊሳ። ቸርች ነበርኩ። መዘምራን ውስጥ ቆሜ አምቦ ሙሉ አይቶኛል። ጊንጪ ነበርኩ ብዬ ልፈርም?»

«ማሎ፣ እባክሽ ሃቦኔ፣ ሁሉም ሰው የሚያደርገውን…»

«ልጄ የተወለደችው ጳጉሜ ሁለት ነው። አልተወለደችም ልበላት?»

አቶ ምትኩ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ኢንጂነር፣ አንድ ቀን ወዲህ አንድ ቀን ወዲያ ምን ልዩነት አለው? በቀን እንጣላ እንዴ?»

«ልዩነት ከሌለውማ ርክክቡ መስከረም ሃያ ይሁን» አለች። «ምን ልዩነት አለው?»

አቶ ምትኩ ብርጭቆውን መልሶ አነሳ። ሃቦኔ ታብሌቷን ከፍታ አራተኛውን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ አደረገች። ከፊት ስንጥቁ፣ ስንጥቁ ውስጥ ሳንቲሙ፣ ከኋላ በዝናብ የሚጨፍሩ ልጆች።

«ይህን ይዩልኝ። ከነሐሴ ወር ውስጥ ልጅ ሁሉ ሸሚዙን አውልቆ ዝናብ የሚጠመቅበት ቀን የትኛው ነው? ይህ ዝናብ የሩፋኤል ካልሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው።»

ኦቦ ለሊሳ ፎቶውን ረዘም ላለ ጊዜ አዩት። ከዚያ ታብሌቱን ቀስ አድርገው ወደ እሷ ገፉት።

«ዝናብ ማኅተም የለውም» አሉ። «ሃቦኔ፣ ባኮ አንድ የሥራ ቦታ ክፍት ነው። ሙቀት ትችያለሽ?»

«ሙቀት እችላለሁ» አለች። «የማልችለው ሌላ ነው።» በሩን ግን ቀስ ብላ ዘጋችው፤ ወርውሮ መዝጋቱን ለነገ አስቀመጠችው።

በማግስቱ ማንም ሳይጋብዛት በሚኒባስ ጊንጪ ወረደች። በቦርሳዋ ታብሌቷ ነበረ፤ ከሱ ጋር ደግሞ ማለዳ ተነስታ፣ ከሦስት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በእጇ የጻፈችው ሪፖርት ነበረ። በስንት ቦታ ሰርዛዋለች፤ እጇ ጽሕፈት ረስቷል። ቀኑን ግን አልሰረዘችውም።

ግቢው አምሯል። ድንኳኑ ከበረንዳው አሥራ አምስት እርምጃ ያህል ርቆ ተተክሏል፤ ወንበሮቹ በነጭ ጨርቅ ተሸፍነዋል፤ በበረንዳው ደረጃ ላይ ቀይ ሪባን ተወጥሯል። ቢሙ እንደገና ቀለም ተቀብቷል። ወይዘሮ ሸዋገነት ሃቦኔን ሲያዩ እጇን ያዟትና ጆሮዋ ላይ «ዛሬ ጠዋት ነው የቀቡት፣ ገና አልደረቀም» አሏት። ወላጆችና ሽማግሌዎች ቆመው ይጠብቃሉ። ደስ ብሏቸዋል፤ ልጆቻቸው ዓመቱን ሙሉ በጭቃ ክፍል ተጨናንቀው ነው የተማሩት። ይህን ደስታ የሚያበላሽ ሰው የሚወደድ እንዳይመስልህ፤ ሃቦኔም አልመሰላትም።

ኦቦ ለሊሳ ንግግር ጀመሩ። የርክክቡ ሰነድ በማኅደር ውስጥ ሆኖ ከፊታቸው ተቀምጧል። «ይህ ሕንፃ በዘመናዊ ሲስተም ተመርምሮ…» ሲሉ ሰማዩ አጉረመረመ። ጳጉሜ የማንንም ፕሮግራም አይጠብቅም። ዝናቡ ድንኳኑ ላይ ወረደ፣ ድንኳኑ ሆዱን ነፋ፣ አንዱ ገመድ ተበጠሰና ውሃው በክብር እንግዶቹ ራስ ላይ ተዘረገፈ። ሰው ሁሉ ተነስቶ ሮጠ። ወዴት ይሮጣል? ወደ በረንዳው ነዋ!

ሃቦኔ ቀድማ ደረሰች። ሪባኑን በጥሳ ደረጃው ላይ ወጣችና ሁለት እጇን ዘረጋች።

«ማንም እዚህ አይገባም!»

«እብድ ናት እንዴ?» አለ አንዱ። «ልጅ ይዣለሁ እኮ!» አለች ሌላዋ።

«ልጅ ስለያዝሽ ነው!» ብላ ጮኸችባት። ወይዘሮ ሸዋገነት ከጎኗ ቆሙና እሳቸውም እጃቸውን ዘረጉ። ሕዝቡ እየተገፋፋ ከደረጃው ሥር ቆመ። ኦቦ ለሊሳ ከሕዝቡ ቀድመው ደርሰው አንድ እግራቸውን ደረጃው ላይ አሳርፈዋል፤ ሰነዱን ከኮታቸው ሥር ሸጉጠውታል።

«ሃቦኔ፣ ውረጂ!» አሉ። «በሕዝብ ፊት ታዋርጂናለሽ?»

ያን ጊዜ ነው አቶ ምትኩን ያየችው። ከድንኳኑ ሁሉም ወደ በረንዳው ሲሮጥ እሱ ብቻ ወደ ግቢው በር እየሮጠ ነበር። በረንዳው አሥራ አምስት እርምጃ ነው፤ መኪናው የቆመው ከመቶ እርምጃ በላይ ርቆ ነው። በዚያ ሁሉ ዝናብ፣ በዚያ ጭቃ፣ በአዲስ ጫማ ይሮጣል።

«አቶ ምትኩ!» አለች፣ በመዘምራኑ ድምፅዋ። «ወዴት ነው? መጠለያው እዚህ ነው እኮ!»

ሕዝቡ ዞረ። አቶ ምትኩ በግቢው መሃል ቆመ፤ ውሃው ከአፍንጫው ይንጠባጠባል።

«ጠግነውታል አይደል?» አለች። «ይምጡ! እኔ እለቅልዎታለሁ። ገብተው ይጠለሉ።» ከደረጃው ዘወር ብላ መንገድ ለቀቀችለት። «እርስዎ ብቻዎን። ሌላ ማንም አይገባም። ዝናቡ እስኪያባራ ከሥሩ ይቁሙልን፣ እኔም ሪፖርቴን ቀድጄ ባኮ እሄዳለሁ።»

«መስኮት…» አለ አቶ ምትኩ። «የመኪናውን መስኮት ክፍት ትቼው ነው።»

«ይዝጉትና ይመለሱ። እንጠብቅዎታለን።»

ጠበቁት። መኪናው ውስጥ ገባ፣ በሩን ዘጋ፣ የመስታወቱ መጥረጊያ ወዲህ ወዲያ ማለት ጀመረ። አልተመለሰም። ልጅ የያዘችው ሴት ቀና ብላ ቢሙን አየች፤ አዲሱ ቀለም በእርጥበቱ እየለቀቀ ነበር፣ ከሥሩም የስንጥቁ ጥቁር መስመር ከምሰሶው ጀምሮ ሰያፍ ይወጣል። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ከኋላዋ ያሉትም እንደሷ አደረጉ። በዚያ ዝናብ ውስጥ ጣራ አጠገባቸው እያለ አንድ መቶ ሰው ቆሞ ረጠበ።

ኦቦ ለሊሳ መኪናውን አዩ። ቢሙን አዩ። ከዚያ ወደ ታች ደረጃው ላይ ያለውን የገዛ እግራቸውን አዩና አነሱት።

«ታብሌቱን አምጪው» አሉ፣ ድምፃቸው ወርዶ።

«ታብሌቱ እርስዎ ዘንድ አይታይም» አለችና በእጇ የጻፈችውን ወረቀት ሰጠቻቸው። ከኮታቸው ጥላ ሥር አነበቡት። አንዴ ብቻ አይደለም ያነበቡት። ከዚያ የርክክቡን ሰነድ አወጡ፣ በወይዘሮ ሸዋገነት ጀርባ ላይ አስደግፈው በትልልቁ «በቀረበው የምርመራ ሪፖርት መሠረት አልተረከብንም» ብለው ጻፉና ፈረሙ። ቀን የሚለው ቦታ ላይ ሲደርሱ እስክሪብቶው ቆመ። ሦስት ዓመት ሙሉ በዚህ ወር ሌላ ቀን ሲጽፍ የኖረ እጅ ነው።

«ዛሬ ስንት ነው?» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

ሃቦኔ ፊቷን ወደ ሕዝቡ አዞረች። እንዲመልስ የፈለገችው ሌላ ሰው ነበር።

«ጳጉሜ አምስት!» አለ ሕዝቡ ከዝናቡ ውስጥ።

ኦቦ ለሊሳ አምስትን ጻፉ። ከዚያም ጊዜ ወስደው፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ አጥብቀው፣ አሥራ ሦስትን ጻፉ። ቀለሙ በውሃው ትንሽ ፈሰሰ፤ አሥራ ሦስቱ ግን ይነበባል።